ልማት ወንጀልን ያጠፋልን? ከጨፋ ሮቢት የሚነሣ ጥያቄ

ስለ አገራችን ስንነጋገርም ሆነ ስለ አገራችን ስንጸልይ ከአፋችን የማይጠፉ ሁለት አባባሎች አሉ። አንዱ «ሥራ ቢኖር ኖሮ ሌባ ባልኖረ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሰው የከፋው ገንዘብ ሲያይ ነው» ይላል። የመጀመሪያውን የሚናገሩ ወገኖች መንገድ ይሠራ፣ ፋብሪካ ይከፈት፣ ወጣቱ ደመወዝ ያግኝ እንጂ ዝርፊያውና ግድያው በራሱ ጊዜ ይጠፋል ብለው ያምናሉ። ሁለተኛውን የሚናገሩት የድሮውን ዘመን ያስታውሳሉ፤ በር ሳይዘጋ ይታደር ነበር፣ መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ተብሎ ይስተናገድ ነበር ይላሉ።

ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ አካባቢ ላይ አድርገን ለመመልከት እንሞክራለን። አካባቢው ብዙዎቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተነው ያለፍነው የጨፋ ሮቢትና የከሚሴ ምድር ነው።

አካባቢው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ ቆላውን ከያዘ በኋላ በአማራ ክልል የሚገኘውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያቋርጣል። የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ናት። ጨፋ ሮቢትም (ከሸዋ ሮቢት ጋር እንዳትምታታ) የምትገኘው በዚሁ ዞን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ450 ሺህ በላይ ሲሆን፣ እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ነው። የወንጌል አማኞች በዚያ ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም አካባቢው የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም፤ ሰሜኑን ከመሐል አገር የሚያገናኘው ዋና መንገድ በዚያ ያልፋልና።

«ጨፌ» በኦሮምኛ ውሃ የማይለየው ለምለም የሣር መስክ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ሜዳ ነው። በበጋ ሌላው ቆላ ሲደርቅ ይህ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህም ከጥንት ጀምሮ የኦሮሞ፣ የአፋር፣ የአርጎባና የአማራ ሕዝብ በሣሩና በገበያው ሲገናኝበት ኖሯል። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው፤ አራቱም ወገን በአንድ ሜዳ ላይ ግመሉን፣ ጨውን፣ እህሉንና ሸማውን ሲለዋወጥ ኖሯል።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ወደ አካባቢው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ሌላው ዓለም ያየውን በአጭሩ እንመልከት። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ ወንጀለኛም እንደ ነጋዴ ያሰላል ብሎ ነበር። የሚያገኘውን ጥቅም፣ የመያዝ ዕድሉን፣ የሚጠብቀውን ቅጣትና በቅን ሥራ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገቢ ይመዝናል ማለቱ ነው። በዚህ ሂሳብ መሠረት ሥራ ሲስፋፋ ወንጀል መቀነስ አለበት።

ነገር ግን የራሱ የቤከር አገር ታሪክ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ሚሊዮኖችን ሥራ ፈት ባደረገበት ዘመን፣ ከ1933 በኋላ የግድያ ወንጀል እየቀነሰ ሄዷል። በአንጻሩ የአሜሪካ ሕዝብ ከምንጊዜውም ይልቅ በበለጸገበት በ1960ዎቹ ወንጀል አሻቀበ። በ1960 ከ100,000 ሰው 5 ያህል የነበረው የግድያ መጠን በ1980 ወደ 10 ደርሷል። ጃፓን ግን ከጦርነቱ በኋላ በፍጥነት ስታድግ ወንጀሏ አብሮ ቀንሷል። ሁለቱም አደጉ፤ የአንዷ ወንጀል ጨመረ፣ የሌላዋ ቀነሰ።

ስለ አፍሪካ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከ1981 እስከ 1999 የ41 አገሮችን ዝናብና ኢኮኖሚ መርምረው፣ የአንድ አገር ዕድገት በ5 ነጥብ ዝቅ ሲል በቀጣዩ ዓመት የእርስ በርስ ግጭት የመነሣት ዕድል ግማሽ ያህል እንደሚጨምር አሳይተዋል። እንግዲህ ድንገት የሚመጣ ድህነት አደገኛ መሆኑ አይካድም። ጥያቄው ዕድገቱ መጥቶም ወንጀሉ ለምን አልሄደም የሚለው ነው።

በአገራችን ዕድገቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም። በመንግሥት አኃዝ መሠረት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1997 ዓ.ም. ከ100 ሰው 38.7 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 ሆኗል። መንገድ ተሠርቷል፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ታዲያ የአጣዬ ቃጠሎ፣ የመንገድ ላይ እገታ፣ የሰው ንግድ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ለምን?

ሜዳው

መጀመሪያ ሜዳውን እንመልከት። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ በጸና ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ባወጣው ዘገባ፣ የጨፋ ሸለቆ 50,000 ያህል አርብቶ አደሮችንና 200,000 ያህል ከብቶችን አስጠግቶ እንደነበር ገልጿል። እነዚህ ሰዎች ወደዚያ የሄዱት ሌላ መሸሻ ስላልነበራቸው ነው። የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹ የነበረው የአዋሽ ዳርቻ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ እየሆነ ሄዷል። ያ እርሻ ልማት ነበር፤ ለአገር ጥጥና ስኳር አስገኝቷል። ለከብቱ ባለቤት ግን የተዘጋ በር ነበር።

በጨፋ በኩል ደግሞ አርሶ አደሩ ሜዳውን እያረሰና በመስኖ እያለማ መጥቷል። ይህም ልማት ነው፤ ልጆቹን ያበላበታል። አንዱ ሣሩን ፈልጎ ሲመጣ ሌላው ማሳውን ይጠብቃል። ከብት ማሳ ገባ ይባላል፣ ከብት ተነዳ ይባላል፣ ጥይት ይተኮሳል። ከዚያ በኋላ ደም ይጠራል።

በአካባቢው ይህን የሚዳኝ አሮጌ ሥርዓት ነበረ፤ አለም። በወሎ አባጋር የሚባሉ፣ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም የሚከበሩ ሽማግሌዎች ገዳይንና የሟችን ወገን አቀራርበው ካሳ አስከፍለው ደም ያደርቃሉ። ይህ ሥርዓት ሁለቱም ወገን አንዱን ሽማግሌ ሲያከብር የሚሠራ ነው። ዱላና ጩቤ በክላሽ ሲተካ፣ ከሽማግሌው ይልቅ የታጠቀው ሲደመጥ ግን ጉልበቱ ይዝላል።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው የናቡቴን የወይን ቦታ ያስታውሳል (1ኛ ነገሥት 21)። አክዓብ የፈለገው የአትክልት ቦታ ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ ልማት ልንለው እንችላለን። ሌላ የተሻለ ቦታ ወይም ገንዘብ እሰጥሃለሁም ብሎ ነበር። ነገሩ ወንጀል የሆነው ባለመሬቱ እንቢ ባለ ጊዜ ዳኞችና ሽማግሌዎች በሐሰት ምስክር ስለ ፈረዱበት ነው። በዚያ ታሪክ ወንጀለኛው የተራበ ሰው አይደለም፤ ከሁሉ የጠገበው ነው።

መንገዱና ደላላው

ሁለተኛው መንገዱ ነው። መንገድ እህልን ወደ ገበያ፣ ነፍሰ ጡርን ወደ ሐኪም ያደርሳል። ያው መንገድ ግን ለደላላም ያገለግላል። ከወሎ ገጠር ብዙ ወጣቶች በአፋርና በጅቡቲ አድርገው፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ሲሞክሩ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንደመዘገበው በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገሩት ከ138,000 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በየመን ዳርቻ አጋቾች ይጠብቋቸዋል፤ ገንዘብ እስኪላክ ድረስ ይደበድቧቸዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ደግሞ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በ15 ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን አስታውቋል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን ይሄዳሉ? ከሁሉ የደኸየው ቤተሰብ ለደላላ የሚከፍለው የለውም። ብዙ ጊዜ የሚሄደው በሬ ሊሸጥ የሚችል፣ የሚበደር ዘመድ ያለው፣ ጥቂት የተማረ ነው። ጎረቤቱ ከሳዑዲ በተላከ ብር ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ አይቷል፤ እሱ ግን አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቁጭ ብሏል። ትምህርቱና መንገዱ ምኞቱን ከፍ አድርገውታል፣ ምኞቱን የሚያደርስ ቅን መሰላል ግን አላገኘም። ደላላው በዚህ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይነግዳል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 909/2007 ወጥቶ ነበር፤ እሱም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተተክቷል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ደላላው ግን ባዕድ አይደለም። የሰፈር ልጅ ነው፣ አንዳንዴም ዘመድ ነው፤ ስለዚህ የሚመሰክርበት አይገኝም። ኬላ ላይ የቆመውም ደመወዙ ለወሩ የማይበቃው ሰው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ደግሞ ከአዋጁ ይልቅ በልባችን ተጽፏል።

ፋብሪካውና እሳቱ

ሦስተኛው ፋብሪካው ነው። ከከሚሴ በስተሰሜን ባለችው በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድም በቱርክ ኩባንያ ይሠራ ነበር። የአካባቢው ወጣት ሥራ ያገኛል ተብሎ ተስፋ ተደረገ። ነገር ግን ደመወዙ ምን ያህል ነበር? በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተቋም የሐዋሳውን ፓርክ አጥንቶ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከዓለም ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ ከፍሎ ለቤተሰብ መላክ እንዴት እንደሚቻል አንባቢ ይፍረድ። ሥራ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሠራ ሰው ከሥራው መኖር አለበት።

ከዚያም እሳቱ መጣ። ለከሚሴ ዞን ጎረቤት በሆነችው፣ በሰሜን ሸዋ ባለችው በአጣዬና በአካባቢዋ በ2011 ዓ.ም. ግጭት ተነሣ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ተቃጠለች፣ ነዋሪዋ ተሰደደ። በሁለቱም ዞኖች አማራውም ኦሮሞውም በመቶዎች ሞተ። በጥር 2015 ዓ.ም. እንደገና ደም ፈሰሰ። በመካከሉ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻና ከሚሴ ደርሶ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ የባቡሩም ፕሮጀክት ንብረት ተዘረፈ፣ ተበላሸ። ኮምቦልቻ በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት እጅ ብትመለስም፣ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከምትልክበት የአጎዋ ዕድል ታገደች። ፋብሪካውን ያቆመው ገበያ ራሱ ጠበበ።

ወንጀል ልማትን እንዴት እንደሚበላ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። የተቃጠለ ሱቅ ባለቤት እንደገና ለመሥራት ያመነታል። ሹፌሩ በዚያ መንገድ ለማለፍ ተጨማሪ ኪራይ ይጠይቃል፤ ጭማሪው በዘይትና በስኳር ላይ ይታሰባል። ከዚያ ሰው በብዛት ሥራ ያጣል፣ ሥራ ያጣውም ጠመንጃ ላነሣው ይቀርባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል ጦርነት ሲስፋፋ እገታ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ከ100 በላይ መንገደኞች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ በኦሮሚያ ክልል በገርበ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸውን ሁላችን ሰምተናል። ተማሪ ማለት የአገር የነገ ልማት ነው። ታጋቹ እሱ ሆነ፣ ዋጋም ወጣበት።

ታዲያ ምን እንላለን?

ውድ አንባቢያን፣ ከላይ ያየናቸው ሦስቱ ነገሮች አንድ ነገር ያስተምሩናል። ድህነት ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግም፤ ቢያደርግማ ኖሮ የጨፋ ድሃ ገበሬ ለዘመናት እንግዳ ባልተቀበለ ነበር። ሀብትም ብቻውን ሰውን አያነጻም። ወንጀል የሚበረታው በቅንነት መሥራት የሞኝ መንገድ መስሎ ሲታይ ነው። ሠርቶ የሚያድር ሰው ልፋቱን ነገም እንደሚያገኘው፣ የነጠቀው ሰው ግን በዳኛ ፊት እንደሚቆም ካመነ ትንሽ ዕድገት እንኳ ሰላም ያመጣል። ይህ እምነት ከጠፋ መንገዱም፣ ፋብሪካውም፣ ሜዳውም የሚነጠቅ ነገር ይሆናል።

ቃለ እግዚአብሔርም ሁለቱን ወገን ይዞ ይናገራል። ምሳሌ 6፥30-31 ርቦት የሰረቀን ሰው ሰዎች እንደማይንቁት፣ ሆኖም ከተያዘ እንደሚከፍል ያስተምራል፤ ርኅራኄም ፍርድም በአንድ ላይ ናቸው። ኤፌሶን 4፥28ም ሌባው መስረቁን እንዲተው ብቻ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ ለሌላው እንዲያካፍል ያዛል። ጳውሎስ ሥራንና አዲስ ልብን አልለያየም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በግንቦት 1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ይህንኑ አንሥታ ነበር። በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን የወጣው ያ ደብዳቤ፣ ለልማት ገንዘብ ለመስጠት የሚፈጥኑት ለወንጌል ግን የሚያመነቱት አጋሮች ሰውን ለሁለት እየከፈሉት መሆኑን ተናገረ። የውስጥ ሰውነቱ ያልዳነ ሰው በልማት ብቻ አይድንም፤ ሥጋው የተራበም ሰው በስብከት ብቻ አይተው አለ። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተገደሉ። የተናገሩት ግን ዛሬም ለጨፋ ሮቢት ይሠራል።

ለእኛ ምን ይመለከተናል?

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። በየመን የታገተ ልጅ ለማስለቀቅ መዋጮ ስንሰበስብ ኖረን ይሆናል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁን የላከው ደላላ በዚያው እሑድ ከእኛ ጋር ተቀምጦ አሥራት ቢያወጣ ከወዴት አመጣኸው እንለዋለን? ጉዳያችን እንዲያልቅ እጅ መንሻ ሰጥተን ሲያበቃ «ጌታ በር ከፈተልኝ» ብለን የመሰከርን የለንምን? ደላላውንና ጉበኛውን የሚያኖረው ይህ ዝምታችን ነው።

በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖችም አስቡ። ለወንድማችሁ የባሕር መሻገሪያ የምትልኩት ብር ደላላውን ያበለጽገዋል። ያው ብር ሙያ መማሪያ፣ ለእቁብና ለንግድ መነሻ ቢሆን ልጁ በሕይወት ይኖራል። ትርፉ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን መርዶ አያመጣም።

ደግሞም ወንጀል ሲፈጸም ወንጀለኛውን በስሙ እንጂ በብሔሩ አንጥራው። ወንጀል የሠራው ሰው ለፍርድ ሲቀርብ ነገሩ ያበቃል፤ ወንጀሉ የወገን ስም ሲለጠፍበት ግን ምንም ያላደረገው ጎረቤት ቤቱ ይቃጠላል። በአጣዬና በከሚሴ መካከል ያየነው ይህንን ነው። ወሬውን በስልካችን ከማስተላለፋችን በፊት ይህን እናስብ።

በመጨረሻም በአካባቢው ያሉ አማኞች ጥቂት ቢሆኑም ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር በእድሩ፣ በገበያውና በሽምግልናው አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎችን ማክበርና ማገዝ ከቤተ ክርስቲያን ሥራ ውጭ አይደለም፤ የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸውና። የጸሎት ርእስ ስትይዙ «ልማትን ስጠን» ብላችሁ አትቁሙ። «ሠርቶ ለሚያድር ሰው ፍርድን ስጠው» የሚለውን ጨምሩበት። የሰንበቴ ገበያ ሰው የዘራውን ይዞ ወጥቶ፣ የሸጠበትን ብር በኪሱ ይዞ በሰላም ቤቱ የሚገባበት ገበያ እንዲሆን እንጸልይ፤ በየበኩላችንም እንሥራ።

ሰላም ለምድራችን ይሁን።